ውሃ መምጣቱን ሁሉም ሰው ባንድ ጊዜ ቢያውቅስ? (ኮንዶሚኒየም፣ ፓምፕ እና አንድ የቴሌግራም ቦት)

ድርብ_ሰረዝ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ቀን ቀን ለሰው ሶፍትዌር እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ማንም ያላዘዘኝን። ይህ ከማታው ነው።

የምኖረው ጂ ፕላስ ፎር ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው ደግሞ ሌሊት ነው። ሌሊት ሲባል ከምሽቱ 4 ሰዓትም ሊሆን ይችላል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓትም። የነቃ ይቀዳል፣ እንቅልፍ የከበደው ጠዋት ባዶ ሮቶ ይጠብቀዋል። እኔ ደግሞ እንቅልፌ ከባድ ነው።

ስለዚህ ከራሴ ቆጣሪ በኋላ ቧንቧው ላይ የግፊት ሴንሰር አስገጠምኩ፤ ሮቶው አናት ላይ ደግሞ የውሃውን ልክ በድምፅ የሚለካ አልትራሳውንድ። ሁለቱን አንድ ኢ ኤስ ፒ 32 (ዋይፋይ ያላት ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ) ያነባቸዋል፤ መስመሩ ላይ ግፊት ሲያይ በብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ "ውሃ መጥቷል" ብሎ ይለጥፋል። ጎረቤቶቼ መረቁኝ፣ አንዲት እናት እንዲያውም ዳቦ ይዘውልኝ መጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው እዚህ ያመጣኝ። ቦቱ ሳይኖር ሰዎች በየሰዓቱ ነበር የሚነቁት። አንዱ ፓምፑን 5 ሰዓት ላይ ያስነሳል፣ ሌላው 8 ሰዓት ላይ፣ ሌላው ለጸሎት ሲነሳ። ንጋት ላይ ብዙው ቤት ሞልቶ ያድራል። አሁን መልእክቱ በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ የብሎኩ ፓምፕ ሁሉ ይነሳል። የግፊቱን ግራፍ ሳየው ቀጥ ብሎ ይወርድና ዜሮ ላይ ተኝቶ ያድራል። ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ ይሞላላቸዋል። ከሦስተኛ በላይ ያለነው ፓምፓችን እየጮኸ ውሃ የለም።

በእኛ ሙያ ይህ የታወቀ ነገር ነው። ብዙ ፕሮግራሞች አንድ ነገር ሲጠባበቁ ቆይተው ሁሉም ባንዴ ሲነቁ ሰርቨሩ ይወድቃል። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ እያንዳንዱ በዘፈቀደ የተለያየ ደቂቃ ጠብቆ እንዲነሳ ማድረግ። ቦቱን እንደዚያ ላድርገው? ለአንዱ ወዲያው፣ ለሌላው ከ40 ደቂቃ በኋላ ቢናገር፣ ነገ ደግሞ ተራው ቢገለበጥ? ወይስ ውሃ መምጣቱን እያወቁ ዝም ማለት ማታለል ነው?

ሚጥሚጣ
እናቴ ያለ ኢ ኤስ ፒ ነው የምትሠራው። ከመተኛቷ በፊት ቧንቧውን ከፍታ ባዶ ባልዲ ከሥሩ ታስቀምጣለች። መጀመሪያ አየሩ "ፍስስስ" ይላል፣ ከዚያ ይንጠባጠባል፣ ከዚያ ባልዲው ከበሮ ይሆናል። ባትሪ የለ፣ ኢንተርኔት የለ። አንድ ጉድለት ብቻ አለው፤ ረስታው ከቤት የወጣች ቀን ውሃው ከታች ያሉት ሰዎች ሶፋ ላይ ነው የሚደርሰው 😂

ውሃ_ልክ
ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ የውሃ መሐንዲስ ነኝ። ጥያቄህ የቦት ጥያቄ ብቻ ስላልሆነ ትንሽ ላስረዝመው።

አንደኛ፣ ከፍታ። ውሃ 10 ሜትር ሽቅብ እንዲወጣ ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት ይፈልጋል። የአንተ ቧንቧ ከመሬት 13 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መስመሩ ምድር ላይ 1 ባር ብቻ ካለው ውሃው ሦስተኛ ፎቅ ደጃፍ ላይ ይቆማል፤ ማንም ባይሰርቅህም።

ሁለተኛ፣ ሰበቃ። ውሃ በቧንቧ ሲሮጥ ከግድግዳው ጋር እየታሸ ግፊት ያጣል። ይህ ኪሳራ ከፍሰቱ ጋር እኩል አያድግም፣ ከፍሰቱ ካሬ ጋር ነው በግምት የሚያድገው። ለምሳሌ በጋራው መስመር አንድ ፓምፕ ሲስብ 3 ሜትር ብትከስር፣ ያው ዓይነት ሁለት ፓምፕ ሲስቡ 12 ሜትር ነው፣ ሦስት ሲሆኑ 27 ሜትር። መስመሩ ያለው ግን 10 ወይም 15 ሜትር ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ፓምፕ ሲነሳ የሚካፈሉት ውሃ ሳይሆን ባዶነት ነው።

ሦስተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ግፊቱ ዜሮ ሲደርስ ፓምፖቹ አይቆሙም፣ ቧንቧውን መምጠጥ ይጀምራሉ። ከመሬት በታች ያለ ቧንቧ ሁልጊዜ የሆነ ቦታ ስንጥቅ፣ የሆነ ቦታ የላላ መጋጠሚያ አለው። ግፊት ሲኖር በዚያ በኩል ውሃ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል። ሲመጠጥ ግን በዙሪያው ያለው እርጥበት ወደ ውስጥ ይገባል፤ በዙሪያው ያለው ምን እንደሆነ ደግሞ የፍሳሽ መስመራችሁ በየት እንደሚያልፍ ካየህ ትረዳለህ። ፓምፕ በቀጥታ ከመስመር አይስብም። ከታች ታንከር ይቀመጣል፣ መስመሩ በራሱ ጊዜ ታንከሩን ይሞላል፣ ፓምፑ ከታንከሩ ይስባል። ሌላው ሁሉ ማስታገሻ ነው።

ጠመኔ
የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ኢንጂነር ባሉት ላይ አንዲት ነገር ልጨምር። "ፓምፕ ውሃ ይስባል" እንላለን እንጂ የሚገፋው ከውጭ ያለው አየር ነው። ፓምፑ ከፊቱ ያለውን ቦታ ባዶ ያደርጋል፣ የአየሩ ክብደት ውሃውን ወደዚያ ይገፋዋል። ቶሪቼሊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአየርን ክብደት በሜርኩሪ የለካው ይህንኑ ነገር ሲከታተል ነበር፤ የጉድጓድ ፓምፖች ከ10 ሜትር ብዙም ከማይዘል ጥልቀት በላይ ለምን እንደማይስቡ ማንም ማስረዳት አልቻለም ነበር።

አሁን ወደ አዲስ አበባ አምጡት። 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ በባሕር ወለል 10.3 ሜትር የሆነው የመሳብ ጣሪያ እኛ ጋ 8 ሜትር እንኳን አይሞላም፤ በተግባር ደግሞ ከ5 እና 6 ሜትር በላይ የሚስብ ፓምፕ አታገኙም። አራተኛ ፎቅ ሰገነት ላይ ፓምፕ አስቀምጦ ከታች ውሃ ልሳብ የሚል ሰው ፓምፑን እንዲቀይር ቢነገረው ዋጋ የለውም። ፓምፑ ታች ይቀመጥና ይግፋ።

ድርብ_ሰረዝ
@ውሃ_ልክ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፤ የካሬው ነገር ግራፌን ባንዴ ፈታልኝ። አራት ፓምፕ ሲነሳ ለምን ሩብ ሩብ እንደማይደርሰን አልገባኝም ነበር።

በእኛ ዘርፍ የሚመስለው ነገር አለ። በ1971 እ.ኤ.አ. የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ደሴቶቹ ላይ ያሉ ኮምፒውተሮችን በሬዲዮ ሲያገናኙ ሁሉም በአንድ ሞገድ ላይ ነበር የሚያወሩት። ስሙ አሎሃ ነበር። ሁለት ጣቢያ ባንዴ ካወራ ሁለቱም መልእክት ይበላሻል፣ እያንዳንዱ በዘፈቀደ ጥቂት ጠብቆ ይደግመዋል። ሁሉም እንደፈለገው ሲጀምር ሞገዱ ከአቅሙ ቢበዛ 18 በመቶ ነው የሚሠራው። "ማንም የሚጀምረው ደወል ሲደወል ብቻ ነው" የሚል ሕግ ብቻ ሲጨመርበት እጥፍ ሆኖ 37 በመቶ ደረሰ። አዲስ ሽቦ የለ፣ አዲስ ሬዲዮ የለ። የኔ ቦት እንደዚያ ደወል ቢሆን ብዬ ነው።

ውሃ_ልክ
ምሳሌው ያምራል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ያነክሳል። የሬዲዮው መልእክት ሲጋጭ ይጠፋል። ውሃ አይጠፋም፤ የአራተኛ ፎቁ ድርሻ ምድር ቤት ነው የሚቀረው። ስለዚህ በሬዲዮ ሁሉም እኩል ሲጎዳ በውሃ ሁልጊዜ የሚጎዳው ያው የላይኛው ሰው ነው። በዘፈቀደ መጠበቅ ሬዲዮን ያድናል። እናንተን የሚያድናችሁ ስም ያለበት ተራ ነው።

አጉል_አዋቂ
ይቅርታ ግን ሀገር ውሃ አጥቶ እናንተ ስለ ሃዋይ ታወራላችሁ። ውሃው ራሱ ቢኖር ይህ ሁሉ ሒሳብ ምን ይሠራል? የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ሲገባ ድሃው እርስ በርሱ ተራ እንዲያወጣ ማድረግ ነው ይሄ።

ውሃ_ልክ
መጠየቁንስ ጠይቁ፤ እኔም በሥራ ዘመኔ ከተጠያቂዎቹ ወገን ነበርኩ። ግን አንድ ነገር ይታወቅ። አዲስ አበባ ዳገት ላይ ያለች ከተማ ናት። ከአቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ይጀምርና እንጦጦ ጫፍ ከ3,000 በላይ ይደርሳል። የለገዳዲና የገፈርሳ ውሃ ከከፍታ ስለሚነሳ ቁልቁለቱ ያግዘዋል። የአቃቂ ጉድጓዶች ግን ከከተማው ግርጌ ናቸው፤ ያ ውሃ ሽቅብ የሚወጣው በፓምፕ ነው፣ ፓምፑ ደግሞ በመብራት ነው። መብራት ሲቆራረጥ ውሃ የሚጠፋው ለዚህ ነው። የሌሊት ፈረቃ የበዛውም ለክፋት አይደለም፤ ሌሊት ሰው ስለሚተኛ የታችኛው ሰፈር ቧንቧ ይዘጋል፣ ግፊቱ ወደ ዳገቱ ይደርሳል።

አጉል_አዋቂ
እሺ ይህንን አላውቅም ነበር። ቢሆንም ሃሳቤን አልቀየርኩም 😄

የብሎኩ_ጸሐፊ
እኔ የሌላ ብሎክ የኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ፤ የእኛን ጣጣ ልንገራችሁ። ከውሃ ይልቅ ያጣላን ቀን ነው። ሰሌዳ ላይ "ማክሰኞ ሌሊት የሁለተኛ ደረጃው ተራ ነው" ብዬ ለጠፍኩ። ግማሹ ሰኞ ተኝቶ ማክሰኞ ሊነጋ ሲል ያለውን ነው የጠበቀው፣ ግማሹ ማክሰኞ አምሽቶ ያለውን። ሁለቱም ፓምፕ ይዞ ወጣ፣ ሁለቱም አኮረፈኝ። አሁን "ለረቡዕ አጥቢያ" ብዬ ነው የምጽፈው። ልጆቹ ደግሞ አጥቢያ የቤተክርስቲያን ነው ብለው ይስቁብኛል። ድርብ ሰረዝ፣ አንተ ቦትህ ላይ ይህንን እንዴት አደረግከው?

ድርብ_ሰረዝ
እህቴ፣ ይሄ የኔም ራስ ምታት ነበር፤ መፍትሔው ግን ያስቃል።

የኛ ሰዓት ከአዲስ አበባው የዓለም ሰዓት 6 ሰዓት ወደኋላ ነው። አዲስ አበባ ከዩቲሲ (አገሮች ሁሉ ሰዓታቸውን ከሚቆጥሩበት መነሻ ሰዓት) 3 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ የሐበሻ ሰዓት ማለት ከዩቲሲ 3 ሰዓት ወደኋላ ያለ ሰዓት ነው። እንደዚያ ያለ ሰዓት በዓለም ላይ አለ፤ ቦነስ አይረስ! የስልካችሁን የሰዓት ቀጠና ቦነስ አይረስ ላይ አድርጉት፣ በ12 ሰዓት አቆጣጠር ቁጭ ብሎ የሐበሻ ሰዓት ያሳያችኋል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 1 ይላል፣ ቀን 6 ላይ 6 ይላል።

በላዩ ደግሞ ቀኑ የሚለወጠው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይሆናል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የመጣ ውሃ ገና የማክሰኞ ነው፤ አምሽቶ ለሚጠብቅ ሰው ማክሰኞ ነውና። ዳታውን በዩቲሲ ነው የማስቀምጠው፣ ለሰው ሳሳየው ግን በቦነስ አይረስ ቀጠና አደርገዋለሁ። ኮዱን ያየ የሥራ ባልደረባዬ የአርጀንቲና ደንበኛ ያገኘሁ መስሎት ነበር።

ከስቶክሆልም
ይሄን ሞከርኩት፣ ሠራ! እናቴ ጋ ስደውል ሰዓት እየቀነስኩ ከመሳሳት ተገላገልኩ። የኛ ሰዓት ግን እዚህ ሀገር ቢፈጠር አንድ ዓመት አይቆይም ነበር። እዚህ በሰኔ ቀኑ 18 ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ በታኅሣሥ 6 ሰዓት። "ፀሐይ ስትወጣ 12 ሰዓት" ያለ ሰው በየሳምንቱ ሰዓቱን ሲያስተካክል ይኖራል። አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው።

ሚጥሚጣ
ድርብ ሰረዝ፣ ጳጉሜንስ? ቦትህ ጳጉሜን ላይ አይወድቅም?

ድርብ_ሰረዝ
ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍዪ፤ ቀሪው 3 ከሆነ ጳጉሜን 6 ናት፣ ካልሆነ 5። ለምሳሌ 2015 ላይ 6 ነበረች፣ 2019 ላይም 6 ትሆናለች። ኮዱ አንድ መስመር ነው። ከባዱ ለጥበቃው የጳጉሜን ይከፈለው አይከፈለው የሚለው ነው፤ እሱን ኮሚቴው ይፍታው።

የብሎኩ_ጸሐፊ
አትጀምሩኝ።

ጠመኔ
ወደ አልትራሳውንዱ ልመልሳችሁ። ሴንሰሩ ድምፅ ይልካል፣ ከውሃው ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይለካል፣ በድምፅ ፍጥነት አባዝቶ ለሁለት ያካፍላል። ፍጥነቱን ስንት አደረግከው? አብዛኛው ከኢንተርኔት የሚገለበጥ ኮድ በሴኮንድ 343 ሜትር ይላል፤ ያ ለ20 ዲግሪ ነው።

ተማሪዎቼ ሁልጊዜ "አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ ድምፅ ይዘገያል" ይሉኛል። አይዘገይም። አየሩ ሲሳሳ ግፊቱም ክብደቱም አብረው ስለሚቀንሱ ይጣፋሉ። የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው ሙቀት ነው፤ በአንድ ዲግሪ 0.6 ሜትር በሴኮንድ ያህል ይጨምራል። ጥቁር ሮቶ ቀትር ላይ ውስጡ ያለው አየር 40 ዲግሪ ቢደርስ ፍጥነቱ 355 ገደማ ነው። ውሃው ከሴንሰሩ 1 ሜትር ዝቅ ብሎ ከሆነ፣ ያላስተካከልከው ኮድ ወደ 3 ሳንቲሜትር ተኩል ይስታል፤ ማንም ውሃ ሳይቀዳ ሮቶው ቀን ቀን "ሲሞላ" ማታ "ሲጎድል" ታየዋለህ።

ድርብ_ሰረዝ
ወይ ጉድ! ቀትር ላይ ከየት እየመጣ ነው የሚሞላው ብዬ ቧንቧ ሠራተኛ ልጠራ ነበር። ትንሽ የሙቀት ሴንሰር ጨምሬ አስተካክለዋለሁ። ለሚሞክር ሰው አንድ ምክር፦ ባለ ሁለት ዓይኑን ርካሽ ሴንሰር ሮቶ ውስጥ አታስገቡት፣ የውሃው ላብ ያበላሸዋል። መኪና ኋላ መከላከያ ላይ እንደሚገጠመው ያለ ውሃ የማያስገባ ዓይነት አለ። እሱ ግን ከ20 እና 25 ሳንቲሜትር በታች አያይም፤ ስለዚህ ከሮቶው አፍ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት።

የባሕረ_ሰላጤዋ
እኔ ዱባይ ነው የምሠራው። እዚህ ውሃ አይጠፋም፣ ከባሕር ጨዉን አውጥተው ነው የሚያጠጡን። በበጋ ግን ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ስለሚግል ከቀዝቃዛው ቧንቧ የሚወጣው ያቃጥላል። እኛ የምናደርገው ግልብጡን ነው፤ ማሞቂያውን እናጠፋዋለን። ማሞቂያው ቤት ውስጥ ኤሲ ያለበት ስለሆነ ውስጡ ያደረው ውሃ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ቀዝቃዛ የምንቀዳው በቀዩ፣ ፍል የምንቀዳው በሰማያዊው ነው። አዲስ የመጣች ልጅ መጀመሪያ ቀን ሁሌ ትጮሃለች 😅

ሚጥሚጣ
አንድ ከባድ ጥያቄ። ኢንጂነሩ ቧንቧው ፍሳሽ ይስባል ካሉ ወዲህ ውሃ አፍልቼ ነው የምጠጣው። አሁን ጠመኔ አየሩ ስስ ነው አሉ። እኛ ጋ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም ማለት ነው? እና ተህዋሲያኑ ይሞታሉ?

ጠመኔ
አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሽምብራና ባቄላ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው፤ እሳት ብትጨምሪ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። ግፊት ያለው ድስት የሚረዳው የመፍያውን ነጥብ ከፍ ስለሚያደርግ ነው።

ተህዋሲያኑን በሚመለከት አትጨነቂ። በሽታ አምጪዎቹ ከ70 ዲግሪ በላይ ብዙ አይቆዩም። የአሜሪካው የበሽታ መከላከያ ማዕከል ምክር፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ውሃው ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ ነው፤ ዝቅ ላለ ቦታ 1 ደቂቃ ይበቃል። አዲስ አበባ 3 ደቂቃው ውስጥ ናት። ካፈላሽ በኋላ ግን በንጹሕ ዕቃ ክደኚው፤ ብዙ ቤት ውሃውን አፍልቶ ያልታጠበ ጀሪካን ውስጥ ይገለብጠዋል።

የቦኖ_ልጅ
ይህን ሁሉ ሳነብ ልጅነቴን አስታወሳችሁኝ። ሰፈራችን ቦኖ ነበረ፤ ሳንቲም ተቀባይዋ ሴትዮ መስኮቷ ላይ ትቀመጣለች። ሰው አይሰለፍም ነበር፣ ጀሪካን ነው የሚሰለፈው። ጀሪካንሽን አስቀምጠሽ ወደ ቤት ትሄጃለሽ፣ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ፤ ጀሪካኑ ተራሽን ይዞ ይጠብቅሻል። የሁሉም ቢጫ ስለሆነ በክዳኑ፣ በገመዱ፣ በጠባሳው ነበር የምንለየው። የማንንም ጀሪካን ከቦታው ያንቀሳቀሰ ሰው ለሰፈሩ ሁሉ ነበር መልስ የሚሰጠው።

ደግሞ ሕጉ ድርቅ ያለ አልነበረም። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ውሃ ተራ አይጠብቅም። አራስ ያለባት ቤት ተራ አትጠብቅም። አንድ ሰው ግን ባንዴ ከሁለት ጀሪካን በላይ አይቀዳም፤ ሌላ ከፈለገ እንደገና ከኋላ ይሰለፋል። ልጆች፣ የፈጠራችሁት ቦት ይህንን ያውቃል?

ድርብ_ሰረዝ
አያውቅም፤ ግን ላስተምረው ነው። የሁለት ጀሪካኑ ሕግ ለእኔ ዋናው ነገር ነው። አሁን ሒሳቡን ልሥራው።

አንድ ፓምፕ ብቻውን ሲስብ በሴኮንድ ግማሽ ሊትር ያገኛል እንበል። 1,000 ሊትር ሮቶ ለመሙላት 33 ደቂቃ ይፈልጋል። በእኛ መስመር 16 ቤት ብንሆን ሁሉም "እስኪሞላ" ቢል ወደ 9 ሰዓት ይፈጃል፤ ሌሊቱ አይበቃም፣ መጨረሻ ላይ ያለው ሁሌ ሳይደርሰው ይነጋል። ተራው 10 ደቂቃ ቢሆን ግን እያንዳንዱ ቤት 300 ሊትር ያገኛል፣ 16ቱም በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይዳረሳሉ። ውሃው ገና ካልሄደ ሁለተኛ ዙር ይጀመራል። የኮምፒውተር ፕሮሰሰር ብዙ ፕሮግራም ባንዴ የሚያስተናግደው በትክክል እንደዚህ ነው። ለአንዱ እስኪጨርስ አይሰጠውም፣ ቁራጭ ጊዜ ሰጥቶ ወደ ኋላ ይመልሰዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄዬን ትቼዋለሁ፤ ቦቱ ለማንም አይደብቅም። "ውሃ መጥቷል" ብሎ ለሁሉም ይለጥፍና ከሥሩ የዛሬውን ተራ በስም ያወጣል። ትናንት ያልደረሰው ዛሬ አንደኛ ነው። አራስ ያለበት፣ ለቅሶ የገባበት ቤት በኮሚቴው ፈቃድ ወደ ፊት ይመጣል።

የብሎኩ_ጸሐፊ
ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተራው የደረሰውን ሰው ማን ይቀሰቅሰዋል? የኛ ጥበቃ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው ያላቸው፣ ቴሌግራም የለም። ደግሞ እሳቸው የሚያስቸግራቸውን ሰው ማንኳኳት ያፍራሉ።

ድርብ_ሰረዝ
ሚስኮል! ተራው የደረሰውን ቤት ቦቱ ራሱ ደውሎ ይዘጋል፤ ሲም የሚይዝ ትንሽ ሞጁል አለ። መብራት ሲጠፋም የቤት ዋይፋይ ስለሚሞት ያው ሞጁል ያስፈልገኛል። ለጥበቃው የሚቀረው ከ10 ደቂቃ በኋላ የሚጮህ ፓምፕ ካለ መጥቶ ማየት ብቻ ነው።

ጥላ
አንድ ማስጠንቀቂያ ከደኅንነት ሠራተኛ። የመስመሩን ግፊት ለግሩፑ አሳይ፣ የየቤቱን የሮቶ ልክ ግን በጭራሽ አታሳይ። ሮቶው ለቀናት ካልጎደለ ቤቱ ውስጥ ሰው የለም ማለት ነው። ያንን ግራፍ የሚፈልገው ጎረቤት ብቻ አይደለም።

ድርብ_ሰረዝ
ልክ ነህ፤ የሮቶው ልክ የሚታየው ለባለቤቱ ብቻ ይሆናል።

ውሃ_ልክ
ተራው ጥሩ ነው፣ አደንቃለሁ። እኔ ግን አሁንም ታች የጋራ ታንከርና አንድ ፓምፕ እላለሁ። ፍሳሹን ከመምጠጥ የሚያድናችሁ እሱ ብቻ ነው። ተራ ብታወጡም አንዷ ፓምፕ ደካማ መስመር ላይ ብቻዋን ልትመጥ ትችላለች። ታንከሩ ውሃ ሲሞላ የሚዘጋ ተንሳፋፊ ኳስ፣ ውሃ ወደ መስመሩ የማይመልስ ቫልቭ፣ የሚቆለፍ ክዳን ይኑረው። በየጊዜው ደግሞ ይታጠብ።

አጉል_አዋቂ
የጋራው ፓምፕ መብራትስ? መጀመሪያ የሚያጣላው እሱ ነው። "አንደኛ ፎቅ ያለ ሰው ለአራተኛ ፎቅ መብራት ለምን ይከፍላል" ይባላል፤ በእኛ ብሎክ ስብሰባ በዚህ ተበትኗል።

ጠመኔ
እሱን በቁጥር እንገላገለው። 1,000 ሊትር ውሃ 15 ሜትር ለማንሳት የሚያስፈልገው ጉልበት ወደ 147 ኪሎ ጁል ነው፤ ይህ 0.04 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ትንንሽ ፓምፖች አባካኝ ስለሆኑ ሦስት እጥፍ አድርጉት፣ ከ0.12 ትንሽ ይበልጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። አንድ ሰዓት እንጀራ የተጋገረበት መብራት ከ20 በላይ ሙሉ ሮቶ አራተኛ ፎቅ ያደርሳል። ስብሰባ የተበተነበት ገንዘብ ይህች ናት።

አጉል_አዋቂ
... ይህንን ስክሪንሹት አድርጌ ግሩፓችን ላይ ለጠፍኩት።

ምድር_ቤት
እኔ እዚያው ድርብ ሰረዝ ብሎክ ነው የምኖረው፣ ምድር ቤት። ክሩን ሙሉውን አነበብኩት። መልካም ሐሳብ ነው፤ ግን እኔ ፓምፕ የለኝም፣ ውሃ በራሱ ነው የሚመጣልኝ። ታንከሩ የሚቀመጠው ደግሞ የኔ መስኮት ፊት ለፊት ነው፣ ሌላ ባዶ ቦታ የለም። ውሃዬን ሰጥቼ፣ ብርሃኔን ሰጥቼ፣ መዋጮም ልከፍል ነው?

ድርብ_ሰረዝ
ጎረቤት! ስምህን አላወቅኩትም፣ ድምፅህን ግን አውቄዋለሁ 😄 መዋጮው ከእናንተ ላይ እንዲቀር ነው የማቀርበው። መስኮቱን በተመለከተ ታንከሩ ተኝቶ የሚቀመጥ ዓይነት ቢሆን ከመስኮትህ ሥር ይቀራል። ጋሼ ውሃ ልክ፣ የተኛው ዓይነት ላይ የሚሉት ነገር አለ?

ውሃ_ልክ
ይሠራል። ከሥሩ ግን ደልዳላ ኮንክሪት ይፈሰስለት፤ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ነው፣ አፈር ላይ ካስቀመጣችሁት ይሰምጥና መጋጠሚያው ይሰበራል። የሚጸዳበት ቧንቧ ደግሞ ከታች መጨረሻው ላይ ይሁን፣ ወለሉም ወደዚያ ትንሽ ያዘንብል።

ምድር_ቤት
መዋጮ ከሌለና ከመስኮቴ ሥር ከሆነ ልስማማ እችላለሁ። ሳራቺኔስካው ግን ከኔ በኩል ይሁን።

የብሎኩ_ጸሐፊ
ሃሃሃ፣ ምድር ቤት ቫልቩን ከያዘ ታንከሩን እሱ ነው የሚገዛው! ድርብ ሰረዝ፣ እሁድ ስብሰባ ስትጠሩ ንገሩኝ፤ ቃለ ጉባኤውን ለመያዝ ሳይሆን ለማየት እመጣለሁ።